የሰርቪስ ኩባያ

በረኪና የሸተተኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጄ ዳዊት አዳማ ላይ ቤት ሠርቶ ሲጨርስ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ ዕቃዬን በካርቶን አስጭኖ ከወሰደኝ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ነፋሱ አቧራውን ሳያስነሳ ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ጓሮ ወንበር አስወጥቼ ተቀምጫለሁ። የቤት ሠራተኛቸው ኩለኒ ከአጥሩ ጥግ ካሉት ሁለት ክፍሎች ፊት ለፊት በሳፋ አንሶላ ትዘፈዝፋለች። ነፋሱ ሽታውን ሰብስቦ አምጥቶ አፍንጫዬ ላይ ደፋው። ሌላው ሰው በረኪና ሲሸተው ንጽሕና ነው የሚታየው፤ እኔ በረኪና ከሸተተኝ ምግብ አይወርድልኝም።

«ኩለኒ፣ እስቲ እሱን ነገር ራቅ አድርጊልኝ» አልኳት።

«እሺ እማማ። ወደ ሰርቪሱ ላስጠጋው?» አለችና ሳፋውን እየጎተተች ሄደች።

ሽታው አንሶ ቃሉ ተጨመረ። እውነቱን ለመናገር ሰርቪስ የሚሉት ቃል ያንገሸግሸኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ እስከ ዛሬም በመንገድ ላይ «ቲቸር አልማዝ» የሚሉኝ የልጅ ልጅ ያዩ ተማሪዎች አሉኝ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ባስተማርኩ ቁጥር ይችን ቃል ሆን ብዬ እዘላት ነበር። መዝገበ ቃላቱ አንድ ዓምድ ሙሉ ይሰጣታል፦ ማገልገል፣ ውትድርና፣ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት፣ የቴኒስ ኳስ መለጋት ሳይቀር። እኛ ዘንድ ግን መዝገብ ሳታማክር ገብታ ኑሮዋን መሠረተች። የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። የሻይ ዕቃ ሰርቪስ ነው። መኪና ዘይት ሲቀየርላት ሰርቪስ ገባች ይባላል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ላገለገለበት ዘመን ካሣ ሲፈልግ «ሰርቪሴስ?» ብሎ ይጠይቃል። ከትልቁ ቤት ኋላ አጥር ተጠግታ የምትሠራው፣ ማዕድ ቤቱና ሠራተኛዋ የሚከተቱባት ደሳሳም ሰርቪስ ትባላለች። እኔ የተወለድኩት በዚህችኛዋ ውስጥ ነው።

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። በጋሪ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው በስሙኒ የሚኬድበት፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሸጥበት፣ ሀብታም ሴቶች ጸጉራቸውን በካውያ አስተኩሰው ጉልበታቸው እየታየ በጥላ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። የወንዶቹ ሱሪ ከታች ሰፍቶ አቧራውን ይጠርግ ነበር። እኛ ልጆቹ ኮንጎ ጫማ ነበረን፤ እሱም እግር ያልባል፣ ይሸታል። ማታ ማታ ነፋሱ ሲመለስ ከጣቢያው አጠገብ ካለው ቡና ቤት የሸክላ ዘፈን እስከኛ ግቢ ይደርስ ነበር፤ ግጥሙ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው፣ የጎደለውን እናቴ ከራሷ ጨምራ ታንጎራጉራለች። ይኼን ሳስታውስ ደስ ይለኛል። ሰው «ደጉ ዘመን» ሲል ግን ያመኛል። ደግ የነበረው ከፊት ለፊት በር ለሚገቡት ነው። እኛ በጓሮ በር ነበር የምንገባው፤ በጓሮ በር የሚወጣው ደግሞ የቪላው ፍሳሽ ነበር። ከትልቁ ቤት የሚለቀቀው ውኃ የምንተኛባትን ክፍል ታክኮ በተከፈተ ቦይ ይሄድ ነበር፤ የሩዝ ፍርፋሪ፣ ጸጉር፣ የሳሙና አረፋ እየያዘ። ሽንት ቤቱ ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በግንቦት ሙቀት ሌሊቱን አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን ነው የምንተኛ። ዛሬ አንዳንዱ የዕድሜ እኩያዬ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እኔ ያንን ቦይ አስታውሼ ምራቄን እውጣለሁ።

እናቴ አስካለ የቪላው ወጥ ቤት ነበረች። እመቤቲቱ እትዬ የሺመቤት ይባላሉ፤ ባላቸው መሬት የነበራቸው ሰው ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አርሲ ነው የሚሰነብቱት። እትዬ የሺመቤት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይኼን የምለው ለጽድቅ አይደለም፣ ነገሩን የሚያስጠላው ይኸው ስለሆነ ነው። እናቴ ስትታመም ኪኒን ገዝተው ራስጌዋ ያስቀምጡ ነበር። በዓል ሲመጣ በጓዳው በር ብቅ ብለው «አስካለ፣ ነይ እንጂ፣ በሞቴ!» ብለው በእጃቸው ጠቅልለው ያጎርሷት ነበር። ጉርሻው እስከ አንጓቸው ድረስ ነው አፏ ውስጥ የሚገባው። በዚያው ቀን፣ ከዚያው ጉርሻ በኋላ፣ እናቴ ውኃ ከጠማት ወደ ጓሮ ወጥታ በራሷ ኩባያ ነበር የምትጠጣ። ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ፣ አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያለው፤ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ክሩ የተደረገው ከሌላው ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። በግቢያችን ብቻ መሰላችሁ? ጎረቤትም ሁሉ እንዲያው ነበር፤ አንዱ ክር ያስራል፣ አንዱ የጥፍር ቀለም ይቀባል፣ አንዱ በምስማር ይጭራል። እጅ ለእጅ መጎራረሱ ያላስጸየፈው ሰው በኩባያ ከንፈር ለምን እንደሚጸየፍ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በዋናው ቤት ሳሎን ደግሞ ቡፌ ነበረ። በመስታወቱ ውስጥ «ሰርቪሱ» ተደርድሯል፦ አሥራ ሁለት ሲኒ ከነማስቀመጫው፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ሆዱ ላይ ጽጌረዳ ያለበት። እናቴ በወር ሁለት ጊዜ አውርዳ ታጥበዋለች፣ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ትደረድረዋለች፤ ቁልፉን ለእትዬ የሺመቤት ትመልሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠጣችበትም። ብትጠጣ ማን ያያት ነበር? ይኼን አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ። «እኔ አያለኋ» ነው ያለችኝ።

አንድ ቀን፣ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ እኔ ብቻዬን ከፓፓያው ሥር ተቀምጬ ኩባያዋን በአመድ እፈትጋለሁ። ስትመጣ ደስ ይበላት ብዬ ነው፤ እንዴት ያበራ ነበር! አንድ ሽማግሌ ዳኛ፣ የባልየው ወዳጅ፣ ከአርሲ በደራ በኩል ባለው መንገድ አቧራ ለብሰው መጡ። የፊት በር ቢያንኳኩ የሚሰማቸው አጥተው በጓሮ ዞሩ። እትዬ የሺመቤት መኝታ ቤት ይለባብሱ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ውኃ አጠጪኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል» አሉኝ። ቡፌው ተቆልፏል። ለእኔ ደግሞ በዓለም ላይ ካየሁት ዕቃ ሁሉ ያማረው ያ የፈተግሁት ኩባያ ነበር። ከእንስራው ቀድቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አንጠፍጥፈው ጠጡት። «ተባረኪ፣ እደጊ» አሉና ራሴን ዳበሱኝ። እትዬ የሺመቤት በጓዳ በር ቆመው አየኋቸው። ዓይናቸው ከክሩ ላይ አልተነሳም። ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር፤ ዳኛውን እየሳቁ አስገቡ፣ እየሳቁ ሸኙ።

እናቴ ዱቄቷን እንደተሸከመች ነው የጠሯት።

«አስካለ፣ እኒያ ሰውዬ በማን ኩባያ እንደጠጡ ቢያውቁ ከእንግዲህ ቤቴን ይረግጣሉ?»

«እትዬ፣ አፈር ልብላልዎ፣ ልጅ ናት፣ አላወቀችም።»

«እንግዲህ ትወቅ። ኩባያውን እሷ እያየች ሽንት ቤት ጣይው። ሰርቪሱን ደግሞ ሁሉንም አውርደሽ በበረኪና እጠቢው።»

ሰርቪሱን! ከመስታወቱ ሳጥን ያልወጣውን፣ ማንም ከንፈር ያልነካውን! እናቴ ኩባያውን ይዛ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከወደቀ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ቁጭ ብላ አሥራ ሁለት ሲኒ፣ አሥራ ሁለት ማስቀመጫ በበረኪና አጠበች። ሲነጋ የጣቶቿ ቆዳ ተልጦ ሥጋዋ ይታይ ነበር። በዚያ እጅ ሽንኩርት ከተፈች፣ በርበሬ አሸች። ስለዚህ በረኪና ሲሸተኝ ንጽሕና አይታየኝም።

በማግስቱ እናቴ የቲማቲም ጣሳ አገኘች። አፉን በድንጋይ ቀጥቅጣ አለሳለሰችው። ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር መዘዘችና አፉ ሥር አዙራ አሰረችው። ማንም አላዘዛትም። ቋጠሮዋ ለየት ያለ ነው፤ ሁለቴ አዙራ በመሐል ታሾልከውና ጫፉን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ ስትስቢው ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። እኔንም አስተምራኛለች።

«ለምን ታስሪዋለሽ?» አልኳት።

«እንዳይቀላቀል።»

«ጣሳ ነው እኮ! ከምን ጋር ይቀላቀላል?»

«ተይኝ ልጄ። ክር ያላየሁበት ዕቃ ላይ እጄ ይፈራል።»

«እኔ ቤት ሲኖረኝ ማንም ክር አያስርም» አልኩ። እንደ ትልቅ ሰው ማልኩላት፤ «እናቴ ትሙት» ለማለት ስላልቻልኩ በመድኃኔዓለም ማልኩ። ሳቀች። «መጀመሪያ ቤቱ ይኑርሽ» አለችኝ። ያንን መሐላ ሕይወቴን ሙሉ ይዤው ኖሬያለሁ። ትምህርት ቤት ደክሞኝ ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ በጣለኝ ጊዜ፣ ማሰልጠኛ በገባሁበት ጊዜ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልኩበት ጊዜ ሁሉ ከኋላዬ ሆኖ ይገፋኝ ነበር። ተማሪዎቼም ያውቁታል፤ ኩባያውን ሳልጠቅስ «ሰውን በዕቃ አትለዩ» እያልኩ ስንቱን አሰልችቻለሁ።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። የተገለበጠበትን ምክንያት ለሚያውቁት ትቻለሁ። ቪላው የመንግሥት ቢሮ ሆነ፣ እትዬ የሺመቤት ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ እኅታቸው ጋ ሄዱ፣ ሰርቪሱ በችርቻሮ ተሸጠ። ከዓመታት በኋላ አንዷን ሲኒ ሻይ ቤት አየኋት፤ ጆሮዋ ተሰብሮ የስኳር ማስቀመጫ ሆናለች፣ ጽጌረዳዋ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣልኝም። እናቴ እዚያችው ሰርቪስ ውስጥ ሞተች። ሰርቪስ የሚባል ካሣ ያኔም ለወጥ ቤት አልነበረም። ከቀብር መልስ ጣሳዋን ፈለግሁት፣ የት እንደገባ አላገኘሁትም።

እኔ ከናዝሬት ርቄ፣ ከሌላ ከተማ ወጣ ባለ የፋብሪካ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ ሌላውን ሰርቪስ አወቅሁ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ተኩል ከአደባባዩ የሚነሳ ሰማያዊ አውቶቡስ ነው። ማንም ያልጻፈው ሕግ ነበረው፦ የፊቱ ወንበር የክፍል ኃላፊዎች፣ ቀጥሎ የሒሳብና የቢሮ ሰዎች፣ መሐሉ የአስተማሪዎች፣ ከኋላ የጽዳትና የቀን ሠራተኞች። መሐሉ ባዶ ሆኖ ከኋላ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይቆም ነበር እንጂ አንድም የጽዳት ሴት ወደፊት አትመጣም። የክፍል ኃላፊዎቹ ደግሞ መስኮት ከፍተው «ከኋላ የሚሸተው ምንድን ነው?» ይባባላሉ፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የማታ አረቄያቸው እስከ ሾፌሩ ድረስ ይሸት ነበር። ያስጠሉኝ ነበር። ነገሩን ከወንበሬ ሆኜ ታዝቤ ታዝቤ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከኋላ ሄጄ ልቀመጥ የምልበት ቀን ነበር፤ ግን መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ የኋላው ወንበር ወገብ ይሰብራል።

ቤት ሲኖረኝ፣ የኔ ቤት ሰርቪስ የሚሉት ነገር አልነበረውም፤ ማዕድ ቤቱ ጎን አንድ ክፍል ነበረች እንጂ። እዚያ ዘነበች ነበረች። ከደራ ወዲያ ከገጠር መጥታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራለች። እንደ ልጄ ነው የያዝኳት፤ ማታ ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። ዓመሏ ግን ዝምታ ነው። «ነይ አብረን እንብላ» ስላት «እሺ ቲቸር፣ መጣሁ» ትልና ማዕድ ቤት ትቀራለች። ብቻዋን መሆን ትወዳለች፤ የሰው ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። ቤቴን ስዘጋ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስንለያይ ተቃቅፈን ተላቅሰናል።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው ልጄ ቤት የመጣሁት። አሁን የአዳማ ሰው ምን ሆኖ እንዳገኘሁት ልንገራችሁ? ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ ሆኗል፣ በየማዕዘኑ የስብሰባ ሆቴል ቆሟል፤ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ሰርቪስ ብለው ይጨምሩብሻል፣ አስተናጋጁ ግን ፊቱን አዙሮ ስልኩን ይነካካል። ዳዊት ቤቱን ያስመረቀ ዕለት እንግዶቹ ሳሎኑን አይተው ሲያበቁ «ሰርቪስስ አለው?» ይላሉ፣ ሄደው ያያሉ፣ ማን እንደሚያድርበት ሳይጠይቁ ባለቤቱን ያደንቃሉ። ዳዊት ራሱ «ቅዳሜ መኪናዋን ሰርቪስ አስገባለሁ፣ ቀኗ አልፏል» ብሎ ሲጨነቅ ሰማሁት፤ ኩለኒ ከመጣች ጀምሮ አንድ እሑድ እንኳ አርፋ እንደሆነ ብጠይቀው ግራ ገባው። አንዲት ጎረቤት፣ ጥፍሯ አንድ ስንዝር የሚያህል፣ «እኔማ ሰርቪሱ ውስጥ ካሜራ አስተክያለሁ፤ ዘንድሮ ማን ይታመናል» ስትል ሰው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለምራቴ ለሜሮን ጓደኞቿ ያመጡላት ስጦታ ምን ይመስላችኋል? አሥራ ሁለት ሲኒ፣ ጠርዙ ወርቃማ። ስንት ዘመን ተገልብጦ ወርቃማውን ጠርዝ አንድም ሰው አልረሳውም።

ማክሰኞ ጠዋት ሽታው አላስቀምጥ ሲለኝ ተነስቼ ኩለኒ ወደምታድርበት ክፍል ሄድኩ። ልጅቷ ከቡልቡላ ነው የመጣችው፣ ሃያ ዓመት ይሆናታል፤ በሯን ከፍታ «ይግቡ እማማ» ብላ አልጋዋን በእጇ አስተካከለችልኝ። ቦይ የለም፣ ግድግዳው ቀለም የተቀባ ነው። ደህና ነው ልል ስል መስኮቱ ላይ ዓይኔ አረፈ። ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ጆሮው ላይ ቀይ ክር አለ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ ነው እማማ።»

«ክሩን ማን አሰረው?»

«አላውቅም። ሲሰጡኝ ታስሮ ነበር።»

ኩባያውን አንስቼ ወደ ትልቁ ቤት ስገባ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ሜሮን ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ደርሳለች። ከፊቷ ቆምኩ። ያልኳትን ሁሉ አልደግመውም። የተማርሽ መስለሽኝ፣ አልኳት። የእናቴን ታሪክ ነገርኳት፣ ሽንት ቤት የወደቀውን ኩባያ፣ የተላጠውን ጣት፣ መሐላዬን። በልጄ ቤት እንዲህ ያለ ነውር እያየሁ አንዲት ሌሊት አላድርም፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጫኑልኝ፣ አልኳት። ድምፄ ጎረቤት ሳይደርስ አይቀርም። ሜሮን ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«ጨረሱ፣ እማማ?»

«ጨርሻለሁ።»

«ይኼ የኛ ዕቃ አይደለም። ከእርስዎ ቤት በካርቶን የመጣ ነው።»

«ከኔ?»

«ዕቃውን ስንጭን ክሩን አይቼ ዘነበችን ጠየቅኳት። ‹የኔ ነው፤ ቲቸር ከሌላው ጋር ሲቀላቀል አይወዱም። ለምትመጣው ልጅ ስጪያት› አለችኝ። የእርስዎ ደንብ መስሎኝ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ለኩለኒ የሰጠኋት።» ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ክር አየሁ። ሁለቴ ዞሮ በመሐል ሾልኳል፣ ጫፉ ወደ ኋላ ተመልሷል። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ቋጠሮ የሚያስር ከኔ ሌላ የለም።

ሁሉም መጣልኝ። ዘነበች በገባችበት ክረምት ያስላት ነበር። ዳዊት ትንሽ ልጅ ነው፤ ፈራሁ። ለጊዜው ብዬ ኩባያ ለየሁላት፣ ለጊዜው ብዬ ክር አሰርኩ። መስከረም ሳይጠባ ሳሉ ጠፋ። ክሩ ግን ቀረ። ሲያልቅ ከስፌት ሳጥኔ ሌላ ቆርጬ እተካለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደተካሁ አላውቅም፣ ይኼኛውን መነጽሬን አድርጌ ነው ያሰርኩት፣ ካቻምና። እያሰርኩ ስለ እናቴ አላሰብኩም። ስለ ምንም አላሰብኩም። «ሰውን በዕቃ አትለዩ» እያልኩ አስተምሬ ስመለስ ዘነበች በዚህች ኩባያ ማዕድ ቤት ሻይዋን ትጠጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ ብቻዋን መሆን ትወዳለች እላለሁ። አስጠላሁ። ሌላ የማገኝለት ቃል የለም፣ ለራሴው አስጠላሁ።

ሜሮን ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ መቀስ ፈልጌ ጓሮ ወጣሁ። ክሩን ልቆርጠው ስል ኩለኒ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ሮጣ መጣች።

«ተዉት እማማ፣ አይቁረጡት። የኔ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

መቀሱን አስቀመጥኩ። «ሻይ አለ?» አልኳት።

«ኤዬ፣ አለ።»

«በዚህ ቅጂልኝ።»

«በዚህ? በኔው?»

«በዚሁ።»

በደንብ አጠበችው፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሞልታ ቀዳችልኝ። ስኳሯን አብዝታለች። ከወንበሬ ተቀምጬ አነሳሁት። በእናቴ ኩባያ፣ በዘነበች ኩባያ እጠጣለሁ ብዬ ነበር፤ ያንን ብቻ ብችል ምን ነበረበት። ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት። የአፉ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተፍቆ የሰው ከንፈር የበላው ቦታ ነበረ። ኩባያውን ዝቅ አደረግሁት። እንደገና ሞከርኩ። ትንፋሼን ይዤ ሞከርኩ። አቅለሸለሸኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ከንፈሬ ግን አልከፈት አለ።

ኩለኒ ቆማ ታየኝ ነበር። አልተቀየመችም፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ይቅርታ የሚመስል ነገር ነው፣ ያጠፋችው እሷ እንደሆነች ሁሉ። ኩባያውን ከእጄ ተቀብላ መስኮቷ ላይ መለሰችው። ወደ ትልቁ ቤት ገባችና ከቡፌው ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን አንዱን ሲኒ አውርዳ፣ ከዚያው ሻይ ቀድታ አመጣችልኝ።

ጠጣሁት።